የአክሲዮኑ ለቅሶ

አንድ የእድር ጥሩንባ ነፊ ነበር፤ ምላሱ ከጥሩንባው ይልቅ ሩቅ ይሰማል ይሉታል። ለእርጅናዬ ብሎ የሁለት ኩባንያ አክሲዮን ገዝቶ ነበርና ሁለቱንም በደላላ ሸጠ። በአንደኛው ሠላሳ ሺህ ብር አተረፈ፤ በሌላኛው ሠላሳ ሺህ ከሰረ። ሁለቱንም ሳይደብቅ በግብር ማሳወቂያው ቅጽ ላይ ሞልቶ ለግብር ሹሙ ለአቶ ይልቃል አቀረበ።

አቶ ይልቃል ኪሳራውን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት።

«ትርፉ ላይ መንግሥት ድርሻ አለው። ኪሳራው የግልህ ነው፤ እኛን አይመለከተንም» አሉት።

ሰውየው ላላተረፈው ሊከፍል መሆኑ ሲገባው ስለ ኪሳራው ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ አስረዳ፤ ኮሪደር ላይ ወረፋ የያዘው ሁሉ ሰማ። ሹሙ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«ክፈልና ሂድ።»

«እሺ ጌታዬ፣ እከፍላለሁ» አለ ሰውየው። «ግን በእኛ እድር ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ለትርፌ ሠርግ ከሁሉ ቀድመው ማዕድ ቀርበዋል፤ ኪሳራዬን ስቀብር ግን አላየሁዎትም። መጀመሪያ ቅጣትዎን ይክፈሉ።»

«ማን ጠራኝና ነው የምቀጣው?» ብለው ሹሙ ተቆጡ።

«ጥሩንባውን አልሰማሁም እንዳይሉኝ ብዬ እኮ ነው፣ ሦስቴ እዚሁ ጆሮዎ ሥር የነፋሁት።»