ከቤቱ ሳይወጣ የተጓዘው ሸማኔ

እምቧጮ ሜዳ በሚባል አገር አንዲት አባባል አለች። ልቡ የደነደነ ሰው በተናገረ ቁጥር አንዱ ሽማግሌ ጣል ያደርጋታል፤ የሰማው ሁሉ ይስቅና ነገሩ በዚያው ይበርዳል። የጎረቤት አገር ሰዎችም ወስደው ይጠቀሙባታል፤ ግን ስለ ሐኪም የተነገረች ይመስላቸዋል። ሐኪም የለበትም። ያለበት በቅሎ አከራይ ነው። እኔ የሰማሁት ከእናቴ አጎት ነው። እሳቸው ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ ለሸማኔው ሚስት ያደሉ ነበር፤ እኔም አደላለሁ።

በቅሎ አከራዩ ቸርነት ይባላል። እናቱ ይህን ስም ያወጣችለት ገና ሳታውቀው ነው። አምስት በቅሎዎች ነበሩት፤ ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ወገቡን ያመመውን፣ ጉልበቱን የያዘውን፣ ምንም ሳያመው ዕረፍት ያማረውንም ሁሉ ቆላ አውርዶ ፍል ውሃ ያደርስ ነበር። ሁለት ቀን መውረድ፣ ሰባት ቀን መታጠብ፣ ሁለት ቀን መመለስ። በዚያ ሥራ የሚፎካከረው ስላልነበረ ውሉን የሚያወጣው ራሱ ብቻ ነው። መንገደኛው ቀብድ ያስይዛል። ጉዞው ሳምንት ሲቀረው እተወዋለሁ ያለ አንድ ጉንዶ ማር ይቀጣል፤ ሦስት ቀን ሲቀረው የተወ ጠቦት ይነዳል። በቅሎዋ ከተጫነች በኋላ የተወ ግን ቀብዱን እንዳለ ያጣል፤ ኮርቻው በጀርባዋ ላይ ካረፈ ጉዞው ተጀምሯልና። ዝናብ ነው፣ ለቅሶ ነው፣ በሽታ ነው ቢሉት አይሰማም።

ይህ ብቻ ከሆነ ሰው እንደሚሸሽ ስላወቀ ማጣፈጫ ጨመረበት። "ጉዞው ከተጀመረ ጀምሮ ከደጁ እስክመልሰው መንገደኛው የኔ ነው። ቢርበው አበላዋለሁ፣ ቢያመው አስታምመዋለሁ። በመሐል ብተወው የቀብዱን እጥፍ እከፍላለሁ" ይላል። ይህን ሲል ደረቱን ይነፋል፤ አንድም መንገደኛ ታሞበት አያውቅማ። ውሉ ስለማይጻፍም መንገደኛውና ቤተሰቡ በዋስ ፊት ሦስት ሦስት ጊዜ እንዲደግሙት ያደርጋል፤ ኋላ አልሰማንም እንዳይሉ።

ሸማኔው ወልደጻድቅ ዐሥራ አንድ ዓመት ከሽመና ጉድጓዱ ሳይወጣ የኖረ ሰው ነው። ወገቡ ጎብጦ ቀና ሲል አጥንቱ ሲንቋቋ ከደጅ ይሰማል። በዚያ ዓመት ሚስቱ አጸደ፣ "ወይ ፍል ውሃ ወርደህ ታርፋለህ፣ ወይ ይህን ጉድጓድ በአፈር እደፍንልሃለሁ" አለችው። ለቀብድ ግን ከአንዲት ጊደር በቀር ምንም አልነበራቸውም። ጊደሪቱ በመጪው ዓመት ትወልዳለች ተብላ ወተቷን ልጆቹ ከወዲሁ ተከፋፍለውት ነበር። አማራጭ ስላልነበረ ወደ ቸርነት በረት ተነዳች። ኪራዩን ሲመለስ በሁለት ጋቢ ሊከፍል ተስማሙ፤ ባሻ ውብሸት የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ ዋስ ሆኑ። ባልና ሚስቱም ውሉን ደገሙ፤ ወልደጻድቅ እየተደናቀፈ፣ አጸደ ግን እንደ ውዳሴ ማርያም አንዲት ቃል ሳትጥል።

የጉዞው ዋዜማ ላይ የወልደጻድቅ ደስታ ልክ አጣ። ጎረቤት አንድ ቁና የባቄላ እሸት ላከለት፤ እሱም "የመንገደኛ ስንቅ በሆድ ይያዛል" እያለ ብቻውን ጨረሰው። በማግስቱ ማለዳ ሆዱ የራሱን ጉዞ ጀመረ። ከጓሮ ተመልሶ ሳይቀመጥ ሌላው ይጠራዋል፤ በዚያ ላይ ትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል። አጸደ ይህን አይታ ነጠላዋን ደርባ ወደ ባሻ ውብሸት ሮጠች፤ ቸርነትን ለምነው ጉዞውን እንዲያዛውሩላት።

ወሬ ግን ከአጸደ ይፈጥናል። ቸርነት ሸማኔው መታመሙን ሲሰማ፣ አንዲቷን በቅሎ ጫነና በአቋራጭ መጣ። አጸደና ባሻ ውብሸት ሲመለሱ ከደጃፉ ቆሞ የኮርቻውን መታጠቂያ ሲያጠብቅ አገኙት።

"እንደምን አደራችሁ። መንገደኛዬ ይውጣ እንጂ፣ ፀሐይ ሳይበረታ" አለ።

"አያ ቸርነት፣ ወልደጻድቅን አሞታል። ቀና ብሎ መቀመጥ አልቻለም። በሞቴ፣ ለሳምንት አዛውርልን" አለችው አጸደ።

"እግዜር ይማረው። የሳምንቱ ሌላ ቀብድ ይፈልጋል። የዛሬዋ ጊደር ቀርታለች፤ እንደምታዪው በቅሎዬ ተጭናለች።"

ባሻ ውብሸት መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ "ምነው ቸርነት፣ በሽታ ቀጠሮ ይዞ አይመጣ። ጠቦት ውሰድና ማራቸው" አሉት።

"ባሻ፣ ዋስ ነዎት ወይስ ዘመድ? ጠቦት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ዛሬ አንዱን ብምር ነገ አገሩ ሁሉ ሆዱን ይዞ ይመጣብኛል።"

አጸደ እንባዋ መጣ። ዐሥራ አንድ ዓመት ተሠርቶ የተገዛች ጊደር በአንድ ቁና ባቄላ ልትሄድ ነው። ልጆቹ በር ላይ ተደርድረው አፏን ያያሉ። ምን እንደምትላቸው ስታስብ ውሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሐሳቧ ተንበለበለ፤ እንባዋንም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"እንግዲህ ጉዞው ተጀምሯል ነው የምትለኝ?"

"ተጀምሯል።"

"ባሻ ይሰማሉ። እስቲ ድገመው።"

"ተጀምሯል። ሦስተኛም ካስፈለገሽ፣ ተጀምሯል።"

"ደግ። ታዲያ ማን ጉዞውን ተውን አለህ? እኛ አልተውንም። መንገደኛህ ገና መንገድ ሲጀምር ታመመብህ። ያውልህ መደቡ ላይ ተኝቷል፤ ገብተህ አስታመው።"

ቸርነት ሳቀ። ባሻ ውብሸት ግን አልሳቁም።

"ልክ ናት። ቢያመው አስታምመዋለሁ ብለሃል" አሉ።

"ባሻ፣ ጉዞ እኮ መሄድ ነው። ይህ ሰው የት ሄደ?"

"ኮርቻ ካረፈ ተጀምሯል ያልከው አንተ ነህ። አሁን ትተኸው ብትሄድ ሁለት ጊደር ትከፍላለህ። ጊደር ከሌለህ ይህቺ በቅሎ እኔ ቤት ትታሰራለች።"

ቸርነት በቅሎዋን አየ፣ ባሻን አየ። በዚህ መሐል ከውስጥ የደከመ ድምፅ፣ "አያ ቸርነት... ቶሎ ድረስልኝ... ጓሮ..." ሲል ተሰማ።

በዚያ ቀን ዐሥራ አራት ጊዜ ደግፎ አመላለሰው። አጥሚት አማሰለ፤ እህሉም ከራሱ ጎተራ የመጣ ነበር፣ ቢርበው አበላዋለሁ ብሏልና። አጸደ ቀምሳ፣ "ጓጉሏል። መንገደኛህን እንዲህ ነው የምታበላው?" ብላ መልሳ አስማሰለችው። ከዚያ እንዝርቷንና ባዘቶዋን ይዛ ጎረቤት ሄደች። ወልደጻድቅ እንዴት ሆነ ብለው ሲጠይቋት፣ "ባሌማ ፍል ውሃ ወርዷል፤ እስኪመለስ ምን ሥራ አለኝ" ትላለች።

ወሬው ተዛመተ። ገበያ የሚሄድ ሁሉ መንገዱን እያጠመዘዘ በዚያ ደጅ ማለፍ ጀመረ።

"ቸርነት፣ የት ደረሳችሁ?" ይሉታል በአጥር ላይ።

መጀመሪያ ይሳደብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ስድቡም አለቀበትና፣ "ጓሮ" ብሎ ይመልስላቸው ጀመር።

ይብስ የነበረው የወልደጻድቅ መዳን ነው። ትኩሳቱ ሲለቀው ወገቡ ትዝ አለው።

"አያ ቸርነት፣ የተዋዋልነው እኮ ለፍል ውሃ ነው" አለ በአራተኛው ቀን፣ ድምፁን አስተዛዝኖ።

"ስትድን እወስድሃለሁ።"

"እስከዚያው አንድ እንስራ ብታፈላልኝስ? ወገቤን ብቻ።"

ቸርነት ከወንዝ ውሃ ቀድቶ፣ እንጨት ፈልጦ፣ አፍልቶ፣ የሸማኔውን ወገብ ያሽ ጀመር። ወልደጻድቅ ዐይኑን ጨፍኖ፣ "ትንሽ ዝቅ... እህ፣ እዚያ ጋ" ይላል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያረፈበት ቀን አልነበረም፤ ይህንንም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሳያፍር ይናገር ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የቸርነት ደንበኞች ቤቱ እየሄዱ ባዶ ደጅ ያገኛሉ። ወቅቱ ደግሞ የሥራው ዋና ወቅት ነው። አራቱ በቅሎዎች ያለ ሥራ ይቀለባሉ፣ አምስተኛይቱ የሸማኔውን አጥር ትበላለች። በስድስተኛው ቀን ጥላሸት በፊቱ፣ የአጥሚት ማማሰያ በእጁ እንደያዘ ባሻ ውብሸት ቤት ደረሰ።

"ባሻ፣ ገላግሉኝ። ጊደራቸውን ይውሰዱ።"

"ጉዞውን ልታፈርስ ነው?" አሉት ባሻ። "እንዲያ ከሆነ እጥፍ ነው።"

"ሲድን ደግሞ ያለ ኪራይ ፍል ውሃ አደርሰዋለሁ። ጋቢም አልፈልግ። ብቻ ይማሩኝ።"

አጸደ ተጠራች። ነገሩን ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የታመመ ሰው ጉዞውን ያለ ቅጣት እንዲያዛውር በውሉ እንዲገባ። ቸርነት በባሻ ፊት ሦስት ጊዜ ደገመው፤ አንደኛውንም፣ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እየተቻኮለ። ቅር ያለው ወልደጻድቅ ብቻ ነበር፤ "የተዋዋልነው ሰባት ቀን ልታጠብ ነው፣ ገና አራት ይቀረኛል" እያለ አጉረመረመ።

ከሰዓት በኋላ ቸርነት ባሻ ውብሸትን አስከትሎ ጊደሪቱን ወደ ሸማኔው ቤት እየነዳ መጣ። ልጆቹ እየጮኹ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ፤ አጸደም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፣ አሁን ግን ከደስታ ነው። በዚሁ መሐል ከሩቅ አገር በቅሎ ሊከራይ የመጣ አንድ ሰው፣ ጥላሸት የለበሰው እሱ ነው ብለው ቸርነትን አሳይተውት፣ "ይህን ሰው ፍለጋ ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ የት ከርሞ ነው?" ብሎ ባሻ ውብሸትን ጠየቃቸው።

ባሻ ውብሸት መቋሚያቸውን ወደ ሸማኔው መደብ አመልክተው፣ "ምን ታደርገዋለህ ልጄ፤ ታማሚን ያልማረ፣ ሲያስታምም አደረ" አሉት።