እንጉዳይ ትመለስ

ትዝለል አላችሁ? ቆይ እስቲ፣ ያንን እስክሪብቶ አስቀምጡት። ከከተማ ድረስ ዘራችንን ልትጽፉ መጣችሁ፣ እሰየው። ቄሱም የድሮውን ወንጌል አውጥተው አሳዩአችሁ፣ እሰየው። ግን የልየውን ስም አግኝታችሁ ስታበቁ፣ ከጎኑ የተጻፈችውን ሴት፣ ልጅ የላትም ብላችሁ ልትዘሏት ነው? እሷን የዘለለ እኔን አያገኘኝም። ቁጭ በሉና ስሙ።

እንግዲህ ይኼ የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ገና ከሰው ጉልበት ሳይደርስ፣ እዚሁ ቀጭን ሜዳ በሚባለው አገራችን ልየውና እንጉዳይ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ድሆች ናቸው። አንድ ጥማድ በሬ አላቸው፣ ሌላ ይህ ነው የሚባል ነገር የላቸውም። እሱ ያርሳል፣ እሷ ከኋላው ጓል ትከሰክሳለች። እሱ ያጭዳል፣ እሷ ነዶ ትሰበስባለች። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። ግን ሲዋደዱ! ከእርሻ ሲመለሱ ሞፈሩን እሱ በአንድ ጫፍ፣ እሷ በሌላው ጫፍ ይዘው ነበር የሚገቡት አሉ። ሰው ያያቸውና ይስቅ ነበር።

በእኛ አገር ሰው የሚጋባው ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው፣ ይኼን ታውቃላችሁ። ሽማግሌው ለአባት አንድ ጠጠር፣ ለአያት አንድ ጠጠር እያለ መሬት ላይ ይደረድራል። ሰባት ሳይሞላ ዘር ከተገናኘ ጋብቻ የለም። ልየውና እንጉዳይ ሲጋቡ በአባቷ በኩል ብቻ ተቆጠረ። በእናቷ በኩል ማንም አልቆጠረም። ስንፍና ነው፣ ሌላ ምን ልበለው?

ከተጋቡ በዘጠኝ ዓመታቸው፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አያ ጓንጉል የሚባል ጠጠር ቆጣሪ ለእንጉዳይ የአክስት ልጅ ጋብቻ ሲቆጥር ዘለቀ ከሚባል ሰው ላይ ደረሰ። እጁ ቀጥ አለ።

«ወይ ጉድ! ዘለቀ እኮ የልየው ቅድመ አያት ነው። የእንጉዳይ የእናቷ እናት አንጓች ደግሞ የዘለቀ ልጅ ናት።»

ሦስት ቤት! የሰባቱን እኩሌታ እንኳ አልሞላም። ልጅ ያልወለዱት ለካ ለዚህ ነው ተባለ። ቤተ ክርስቲያን ቁርባን ከለከለቻቸው፣ ጎረቤት ከቤታቸው እሳት መጫር ተወ። ሽማግሌዎቹ ተለያዩ አሏቸው። ልየው አንገቱን ደፋ። እንጉዳይ ግን ቆማ ተናገረች።

«አያ ጓንጉል ይሳሳት ይሆናል። መጽሐፍ ይታይልን።»

እስከ መስቀል ጊዜ ሰጧቸው።

መጀመሪያ የገዛ ደብራችንን ወንጌል አዩ፣ አሁን እናንተ ያያችሁትን። መሪጌታው ከኅዳጉ ላይ የዘለቀን ልጆች አንድ በአንድ አነበቡላቸው። አምስተኛዋ አንጓች ናት። በቃ፣ አለቀ። ልየው ሊወጣ ተነሣ። እንጉዳይ ፊደል አትቆጥርም፣ ግን ዕድሜ ልኳን እህል ስትለቅም የኖረች ዓይን ናት። ጎንበስ ብላ አየችው። የአራቱ ስም ቀለም ጥቁር ነው፣ የአንጓች ቀለም ነጣ ያለ ነው። ስሙም ከጥግ ተጣቦ ነው የገባው።

«መሪጌታ፣ ይቺ ለምን ለብቻዋ ተጻፈች?» አለች።

መሪጌታው መጽሐፉን ከደኑት። የዘለቀ ሚስት ከደጋ ደብር የመጣች መሆኗን ነገሯት፣ የዚያን መጽሐፍ እይ አሏት።

ሄዱ። ሁለት ቀን ሙሉ በእግር ሄዱ። የደጋው ደብር አለቃ ለማያውቁት ሰው መጽሐፍ አላወጣም አሉ። ልየው ሦስት ሳምንት የደብሩን መሬት አረሰ፣ እንጉዳይ ሦስት ሳምንት ለካህናቱ ፈጨች። መጽሐፉ ወጣ። ቢገለጥ ገጹን ምስጥ በልቶታል። የቀረው ግማሽ መስመር ነው፦ «አንጓችን ከመንገድ አንስተው ... ምስክሮቹም የቆላው ሚካኤል ካህናት ናቸው።»

እንጉዳይ ተስፋ አየች፣ ከመንገድ የተነሣች የዘለቀ ደም ላትሆን ትችላለች። ልየው ግን ተስፋ ቆረጠ። በግማሽ መስመር ማን ያምነናል አለ። ቆላው ከትልቁ ወንዝ ማዶ ነው፣ ሰኔም ገብቷል፣ እርሻው ጦሙን ሊያድር ነው።

«አንተ ሂድና እረስ፣ እኔ እሻገራለሁ። ብቻ ጠብቀኝ» አለችው።

እጠብቅሻለሁ አላት። በገዛ አፉ ነው ያላት።

ሄደች። ወንዙ ሞልቶ ጠበቃት። ሐምሌን ከወንዙ ዳር የሰው እርሻ እያረመች ቆየች። ነሐሴንም ቆየች። ውሃው ሲጎድል በመስቀል ማግስት ተሻገረች። የሚካኤል ካህናት መጽሐፋቸውን ሳያንገራግሩ አወጡላት፣ ቃሉ ሳይጎድል አለበት። ገልብጠው፣ ማኅተም አድርገው ሰጧት። በዚያው ምሽት ንዳድ ጣላት። የቄሱ ሚስት አምስት ወር አስታመመቻት። ወረቀቱን ከትራሷ ስር አድርጋ ተኛች።

እዚህስ? የመስቀሉ ቀጠሮ አለፈ። አንድ ነጋዴ መጥቶ ወንዙ አንዲት ሴት ወሰደ ብሎ አወራ። ሰው እንጉዳይ ናት አለ። ልየው አለቀሰ፣ እርሙን አወጣ። አጨዳ ደረሰ፣ ዘመዶቹ ቤት ያለ ሴት አይሆንም አሉት። በኅዳር ይርገዱ የምትባል ልጅ አመጡለት። አንድ ቀን ወደ ወንዙ ወርዶ ሚስቴን ያያችሁ ብሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት? አልጠየቀም። ይኼን የምላችሁ የገዛ ቅድመ አያቴን ነው፣ እያቃጠለኝ ነው የምላችሁ።

ሁዳዴ ሲጋመስ እንጉዳይ መጣች። አጥንቷ ብቻ ነው የቀረው። ቀጥ ብላ ቤቷ ሄደች። በሯ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች፣ ሆዷ ገፋ ብሏል። እንጉዳይ ዞራ ቤተ ክርስቲያን ሄደችና ሽማግሌ ይጠራልኝ አለች።

ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ልየውም ይርገዱም መጡ። መሪጌታው ወረቀቱን ዘርግተው ለራሳቸው አነበቡት። በአንድ ረሃብ ጊዜ ከመንገድ ዳር የተጣለችን ሕፃን፣ ዘለቀና ሚስቱ አንስተው ጡት አጥብተው ልጃችን ናት አሉ ይላል። መሪጌታው መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ጮክ ብለው ማንበቡን ፈሩ። እርግማን አለበት፦ «የጡት ልጅ ናት፣ አልተወለደችም ብሎ የሚያወራ የተረገመ ይሁን።» ለካ አገሩ ዝም ያለው ለዚህ ኖሯል። አንጓችን እንዳያሳፍሩ ብለው ደበቁ፣ ደብቀው ረሱት፣ ረስተውም የልጅ ልጇን ትዳር አፈረሱ። ደግነታችን እንኳ እንዲህ ነው፣ አይ እኛ!

«እርግማኑ በእኔ ላይ ይሁን፣ ያንብቡት» አለች እንጉዳይ።

አነበቡት። አያ ጓንጉል በእጁ የያዘው ጠጠር መሬት ወደቀ፣ ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልየው ቀና ማለት አቃተው። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ይርገዱ ወደ አባቷ ትመለስ፣ እንጉዳይ ትግባ አሉ። እንጉዳይ የይርገዱን ሆድ አየችው። 

«ይቺስ ምን አጠፋች? ያም ልጅ ከአባቱ ቤት ይወለድ» አለች። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እህቱ አልነበርኩም፣ ሚስቱ ነበርኩ። ይኼን ጻፉልኝ።»

መሪጌታው እዚያው ሰው ሁሉ እያየ ጻፉት። እናንተ ልትዘሉት ያላችሁት መስመር እሱ ነው። እሷ ከዚያ ወዲያ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ጎጆ ቀልሳ፣ የደብሩን እህል እየለቀመች ብቻዋን ኖረች። ልየው ሲሞት ይርገዱ የእንጉዳይን እጅ ይዛ ከሬሳው ራስጌ፣ ከሚስት ቦታ አቆመቻት።

በቀጭን ሜዳ እስከ ዛሬ ጠጠር ቆጣሪ የመጨረሻዋን ጠጠር አያስቀምጥም። በእጁ ይዞ «እንጉዳይ ትመለስ» ይላል፣ ሰውም ይበተናል። በእናትም በአባትም መጽሐፍ ታይቶ እስኪመጣ ማንም አይፈርድም። እኛም ልጆች ሳለን፣ ሳንጠይቅ ሰው ስናማ እናቶቻችን «እንጉዳይ ትመለስ!» ብለው ነበር አፋችንን የሚያስይዙን። እሷ ግን ተመልሳ ነበር። ያልጠበቅናት እኛ ነን።

በሉ አሁን ጻፉ። ያ በይርገዱ ሆድ የነበረው ልጅ አያቴ ነው። መጀመሪያ እንጉዳይ በሉ። ልጅ የላትም ያላችሁትን ሰርዙት። ከዚያ ይርገዱን፣ ከዚያ አያቴን፣ ከዚያ አባቴን ጻፉ። እኔን ከሁሉም በታች አስገቡኝ፤ ሰማንያ ዓመት ሙሉ የኖርኩት እሷ በለቀቀችው ቦታ ነው።