በኖታዮው ፊት የተነቀነቀ አንገት

ቦሎኛ ከተማ የምንኖር አበሾች አንዲት ተረት አለችን። ከእኛ አልፋ ሮምና ሚላኖ ደርሳለች፤ ባለፈው ዓመት ደግሞ ከደሴ በመጣ እንግዳ አፍ ሰምቻት ደነገጥኩ። ሰዎች ሲተርቷት ይስቃሉ። እኔ አልስቅም፤ እንዲያውም ደሜ ይፈላል። የሚስቁት በአንዲት የዋህ ሴት ላይ ነዋ። ተረቷ መጀመሪያ የተባለችው ግን በሴትዮዋ ላይ አይደለም። በማን ላይ እንደተባለች የምናውቀው ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ የነበርን ጥቂት ሰዎች ነን፤ አንዷ እኔ ነኝ። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልናገርና ይውጣልኝ።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። በጣልያን አገር ቤት የሚገዛ፣ የሚያወርስ፣ ውክልና የሚሰጥ ሰው ኖታዮ ፊት ሳይቀርብ አይሆንለትም። ኖታዮ ማለት እንደ እኛ አገር ውልና ማስረጃ ነው፤ ልዩነቱ መሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው መሆኑ ነው። ያ ሰው ሰነዱን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ ለባለጉዳዩ ያነብባል። ባለጉዳዩ የውጭ አገር ሰው ሆኖ ቋንቋው ካልገባው፣ አስተርጓሚ ምሎ አጠገቡ ይቀመጣል። ሕጉ መልካም ሕግ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ሁሉም ነገር የሚንጠለጠለው ግን መጀመሪያ ላይ በምትጠየቅ አንዲት ጥያቄ ላይ ነው፤ «ጣልያንኛ ይገባሻል?» በምትለው። ለዚያች «አዎ» ካልሽ አስተርጓሚ የሚጠራልሽ የለም።

እትዬ አስረበብ የወረኢሉ ሰው ናቸው። ሲኞራ ኢርማ የምትባል አሮጊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስታመዋል። ያጠቧት እሳቸው፣ ያጎረሷት እሳቸው፣ በመጨረሻም ዓይኗን የከደኑላት እሳቸው ናቸው። ሲኞራዋም ውለታ አልበላችም። ቤቷን ለወንድሟ ልጅ ስታወርስ፣ እትዬ አስረበብ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው እንዲኖሩ፣ ማንም እንዳያስወጣቸው በኑዛዜዋ አስጻፈች። ስድሳ አራት ዓመት ለሞላቸው፣ ባልም ልጅም ለሌላቸው ሴት ያ መስመር ጣራ ማለት ነው። ሌላ ጣራ አልነበራቸውም።

የወንድሟ ልጅ ፋቢዮ ይባላል። አክስቱ በሕይወት ሳለች በዓመት አንዴ፣ ለገና፣ ኬክ ይዞ ብቅ የሚል ሰው ነበር። ከቀብሩ በኋላ እግር አበዛ። አንድ ቀን መጥቶ፣

«አስሬ፣ የመብራቱና የውሃው ውል በአክስቴ ስም ነው። ሊቆርጡብሽ ነው። ማክሰኞ ኖታዮ ዘንድ ሄደን በስምሽ እናድርገው» አላቸው። ስማቸውን ሙሉውን መጥራት እንኳ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አልተማረም።

«አስተርጓሚዋን ልጥራት እንዴ?» አሉ እትዬ አስረበብ፤ እኔን ማለታቸው ነው።

«ለምን? አንቺ እኮ እንደ ቦሎኛ ልጅ ነው የምትናገሪው።»

ይህች ምስጋና ናት የያዘቻቸው። ማንንም ቢሆን ትይዘዋለች። እውነቱን ለመናገር ግን የእትዬ አስረበብ ጣልያንኛ የድስትና የመድኃኒት ጣልያንኛ ነው። «ተነሽ፣ ዞር በይ፣ ዋጪው፣ ጨው አነሰው» ይላሉ፤ የክኒኑን ስም ሁሉ ከሐኪሙ እኩል ያውቁታል። «መብትን በፈቃድ መተው» የሚል ቃል የሚያስፈልገው ሾርባ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሠርተው አያውቁም።

ማክሰኞ ዕለት እኔም እዚያው ኖታዮ ቤት ነበርኩ። ጋሽ ድልነሳው የሚባሉ ሽማግሌ ይዤ ኮሪደር ላይ ተራ እጠብቃለሁ። ጋሽ ድልነሳው ዕድሜያቸውን ሙሉ የባቡር ጥገና ላይ የሠሩ፣ በቀን አሥር ቃል የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ የመጡት አገር ቤት ላለች እህታቸው ውክልና ሊሰጡ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ሙቀቱ አያድርስ። በሩን ገርበብ አድርገውታል።

ኖታዮው ያነብባል። ማንበብ ካሉት ነው፤ ምሳ ሰዓት የደረሰበት ደብተራ ዳዊቱን እንደሚያስሮጠው ነበር። ከፊቱ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠዋል። አንገታቸው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል።

ጥፋቴን አልደብቅም። ያን አንገት አይቼ «እኚህ ሴትዮስ ከእኔ ይሻላሉ፤ እኔን እንኳ ግማሹ አመለጠኝ» ብዬ ቀናሁ እንጂ ተነስቼ በሩን አልገፋሁም። ማን እንደሆኑም አላወቅኩም። መሃል ላይ ጸሐፊዋ ወጥታ በብርጭቆ ውሃ ይዛ ተመለሰች። ኋላ እንደሰማሁት፣ እትዬ አስረበብ እንደ ወጋችን ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው «እ» ሲሉ፣ ኖታዮው አስም የተነሳባቸው መስሎት ነው ውሃውን ያስመጣው። እንግዲህ የአንዲትን ሴት «አዎ» ከሕመም መለየት ያቃተው ሰው ነው «ገብቷታል» ብሎ ማህተም የመታው።

ሲወጡ ፋቢዮ ጉንጫቸውን ግራና ቀኝ ስሞ፣ ሥራ እንዳለበት ተናግሮ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ። እትዬ አስረበብ እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ውይ፣ አንቺም እዚህ ነሽ? መብራቱ በስሜ ሆነልኝ» አሉኝ።

«እሰይ። ለመብራት ኖታዮ ድረስ ያስኬዳል እንዴ? እስቲ ወረቀቱን ልየው።»

ሰጡኝ። ቆሜ አነበብኩት። አንደኛው አንቀጽ የእሳቸው ስምና የመኖሪያ ፈቃዳቸው ነው። ሁለተኛው የሲኞራዋ ኑዛዜ ነው። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«እትዬ አስረበብ፣ ምን ብለውዎት ነው የፈረሙት?»

«የመብራትና የውሃ ነዋ።»

«እዚህ ላይ ስለ መብራት አንድ ቃል የለም። በሲኞራዋ ቤት የመኖር መብቴን በፈቃዴ ትቻለሁ፣ በስድስት ወር ውስጥ ለቅቄ እወጣለሁ ነው የሚለው።»

አልጮሁም። አላለቀሱም። ጋሽ ድልነሳው ከወንበራቸው ተነሱላቸው፤ እትዬ አስረበብም ተቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ጤና አዳሜን በረንዳው ላይ ተክየዋለሁ እኮ» አሉ።

እኔ በሩን ገፍቼ ገባሁ። እትዬ አስረበብም ጋሽ ድልነሳውም ተከተሉኝ። ኖታዮውን «አሉ» ሳይሆን «አለ» የምለው ረስቼ አይደለም፤ አንቱታዬን የነሳሁት የዚያን ቀን ነው።

«እኚህ ሴት የፈረሙት አልገባቸውም» አልኩት።

«ጠይቄያታለሁ» አለ ብዕሩን እየከደነ። «ጣልያንኛ ይገባሻል ወይ ብያታለሁ፤ ራሷን ነቀነቀች። አንድ በአንድ አነበብኩላት፤ በየአንቀጹ ነቀነቀች። ሁለት ምስክሮች አሉ።»

ምስክሮቹ አንዷ ውሃ ያመጣችው ጸሐፊ ናት፤ ሌላው ከጎን ክፍል እየተጠራ በቀን አሥር ሰነድ ላይ የሚፈርም ሠራተኛ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ሲነቀንቁ አይተዋቸዋል።

«በእኛ አገር የተማረ ሰው ወይም ታላቅ ሰው ሲናገር እንደ ድንጋይ ተገትሮ ማየት ነውር ነው» አልኩት። «አንገት የሚነቀነቀው ተናጋሪው ከግድግዳ ጋር የሚያወራ እንዳይመስለው ነው። እየሰማሁዎት ነው ማለት ነው። ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም፤ ገብቶኛል ማለትም አይደለም።»

«እመቤቴ፣ እኔ የአገራችሁን ወግ አላጠናሁም። ካልገባት ለምን አልገባኝም አላለችም? አፍ የላትም?»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፉ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ቃል ያቃጠለኝ ግን የለም። ሕጉ መጠየቅን የጣለው በእሱ ላይ ነው። ደመወዙ፣ ማህተሙ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ባለ ወርቅ ክፈፍ ዲፕሎማው፣ ሁሉም ለዚያች አንዲት ጥያቄ ነው። «ምን ገባሽ? እስቲ በራስሽ ቃል ንገሪኝ» ቢላቸው ኖሮ፣ እትዬ አስረበብ «መብራት» ይሉት ነበር፤ ነገሩም እዚያው ላይ ይቆም ነበር። ስድስት ቃል ነው የቆጠበው። የአንዲት ሴት ጣራ በስድስት ቃል ሄደ።

ቤቱስ ምን ሆነ እንዳትሉኝ አሁኑኑ ልንገራችሁ። ማህተም የተመታበትን የሚፈታው ዳኛ ብቻ ነው ተባልን። ዳኛ ፊት ሄድን፤ ሁለት ዓመት ተመላለስን። ኖታዮ «በፊቴ ነው የሆነው» ብሎ የጻፈው በዚህ አገር እንደ ወንጌል ነው፤ አነበበ፣ አዎ አነበበ፤ ነቀነቀች፣ አዎ ነቀነቀች። ተረታን። እትዬ አስረበብ ዛሬ ከሁለት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ይኖራሉ፤ የጤና አዳሙ ማሰሮ መስኮቱ ላይ ነው። ፋቢዮ ቤቱን አድሶ ለእንግዳ ያከራየዋል ይባላል። ሄጄ አላየሁትም፤ ማየትም አልፈልግም።

ተረቷ የተወለደችው ግን ፍርድ ቤት አይደለም። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ማክሰኞ፣ ኖታዮው «አፍ የላትም?» ካለ በኋላ ነው።

«ምን አለ?» አሉኝ እትዬ አስረበብ።

እየመረረኝ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልበለው። እስክጨርስ አትተርጉሚ።»

ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ሁለት እጃቸውን አጣምረው፣ ጎንበስ ብለው፣ ልክ ሰው እንደሚመርቁ በለሰለሰ ድምፅ በአማርኛ ይናገሩ ጀመር።

«ጌታዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ይህ ክፍልዎ ሰፊ ነው፤ መስኮቱም ጥሩ ብርሃን ያስገባል።»

ኖታዮው ምስጋና መስሎት ነው መሰለኝ፣ ብዕሩን አስቀምጦ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ላድር ነው። አልጋዬን በመጻሕፍቱ በኩል እዘረጋለሁ፤ ጤና አዳሜን መስኮቱ ላይ አደርገዋለሁ።»

ነቀነቀ።

«እርስዎ ደግሞ ቁልፉን ለእኔ ይሰጡና፣ ኮትዎን ይዘው በዚያ በር ይወጣሉ። ተመልሰው አይመጡም። በዚህ ተስማምተናል፣ ጌታዬ?»

ኖታዮው ፈገግ ብሎ ሦስት ጊዜ ነቀነቀ፤ ጨምሮም «ሲ፣ ሲ» አለ፤ «አዎ፣ አዎ» ማለት ነው። ጋሽ ድልነሳው ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አሁን ንገሪው» አሉኝ እትዬ አስረበብ። «አንድ በአንድ፣ እሱ ለእኔ እንዳነበበልኝ አድርገሽ ንገሪው።»

ተረጎምኩለት። አልጋውንም፣ ጤና አዳሙንም፣ ቁልፉንም፣ በሩንም፤ «ሲ፣ ሲ» ያለበትን ቦታ እንኳ አልዘለልኩም። ጸሐፊዋ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። የኖታዮው ፊት ከአንገቱ ጀምሮ እየቀላ ወጣ።

«ይህማ… እኔ የነቀነቅኩት ለአክብሮት ነው» አለ። «የምትለውን ከየት አውቄ?»

ይህን ለእትዬ አስረበብ ተረጎምኩላቸው። ወረቀታቸውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ወደ በሩ ሄዱ። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ምንም ያልተናገሩት ጋሽ ድልነሳው ግን በሩን ከፍተው ያዙላቸውና፣ ወደ ኖታዮው ዞረው፣ እንዲህ አሉት፤ «ሳይገባው ነቅናቂ፣ ቤቱን አስነጣቂ።»