የኤሊሁ ባዝራ

ፈረስ አዋቂ የሆነ አንድ ሰው ነበረ። ስሙ ኤሊሁ ይባላል። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ዘመኑም አውቶሞቢል በገጠር እንደ ተአምር የሚታይበት፣ ማሳው የሚታረሰውም እህሉ የሚጓዘውም በፈረስ የነበረበት ዘመን ነው።

የወንድሜ ልጅ፣ በደብዳቤህ ስለ ፈረስ እንዳልጠየቅኸኝ አውቃለሁ። የጠየቅኸኝ ስለ እነዚያ የቦታ አክሲዮን ሻጮች ነው። በስብሰባቸው ቀን ከፊት ወንበር እንድትቀመጥላቸው ይፈልጋሉ። «ተናገር አላሉኝም፣ ፈርም አላሉኝም። ዝም ብዬ ብቀመጥ ምን ይጠየቅብኛል?» ነው ያልኸው። እንግዲያው ስለ ፈረስ ስማ።

ኤሊሁ የሚኖረው ከአንዲት ትንሽ ከተማ ወጣ ብሎ ነበር። ከተማይቱ አንድ መንገድ፣ አንድ ትልቅ ሱቅ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ የባቡር ጣቢያ ነበራት። ሱቁ ከምስማር እስከ ሙሽራ ቀሚስ ይሸጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበሬው ሠረገላውን እየነዳ ይመጣና ሴቶቹ ሲገበያዩ ወንዶቹ በሱቁ በረንዳ ላይ ተደርድረው በመንገዱ የሚያልፈውን ፈረስ ሁሉ ያማሉ። ሰው የሚታማው ፈረሱ ካለቀ በኋላ ነበር።

ኤሊሁ በዚያ በረንዳ ላይ ብዙ አይናገርም። መናገርም አያስፈልገውም። በየጸደዩ ድንጉላ፣ ማለት ለዘር የሚያዝ ወንድ ፈረስ፣ ያላቸው ሰዎች ፈረሳቸውን አጥበውና ጋማውን ጎንጉነው በከተማይቱ መንገድ ያዞሩታል፤ ባዝራ፣ ማለት ሴት ፈረስ፣ ያለው ገበሬ ባዝራውን አምጥቶ እንዲያስጠቃ። ገበሬው ያያል፣ ያደንቃል፣ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ኤሊሁ ባዝራውን ወደ የትኛው ድንጉላ እንደሚወስድ ይጠብቃል። ኤሊሁ ከወሰደ በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ሄዶ የራሱን ባዝራ ይስባል። እንዲህ ይሁን ብሎ የደነገገ የለም። አንድ ክፉ ድንጉላ የአንድ አካባቢን እርሻ ለብዙ ዘመን ያበላሻል፤ የኤሊሁ ዓይን ደግሞ ስቶ አያውቅም። በዚህ ምክንያት ልማድ ሆኖ ቀረ። ኤሊሁም ይህን ያውቃል። ከመሬቱም ከቤቱም ይልቅ የሚኮራው በዚህ ነበር፤ ሲተኛም ሲነሣም የሚጠብቀው ሀብቱ ይህ ነበር።

አንድ ዓመት ባለ ሱቁ ከባሕር ማዶ ድንጉላ አስመጣ። ግራጫ ነው፤ ደረቱ የሠረገላ ስፋት አለው፤ ሲረግጥ የጋጣው ወለል ይንቀጠቀጣል። ለሕዝብ ሳያሳየው በፊት ኤሊሁን ጠርቶ ወደ ጋጣው አስገባው። ኤሊሁ የፈረሱን ጥርስ አየ፣ ሰኮናውን አነሣ፣ ትንፋሹን አዳመጠ። ሁሉም መልካም ነበር። መጨረሻ ላይ በሩን አስዘጋና ፋኖሱን ወደ ፈረሱ ዓይን አስጠጋ። በጤናማ ዓይን ውስጥ የመብራቱ ምስል ጥርት ብሎ ይታያል። በዚህ ፈረስ በቀኝ ዓይን ታየ። በግራው ግን መብራቱ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ እንደ ወደቀ ሆነ።

«ይህ ዓይን ታሟል» አለ ኤሊሁ።

«የመርከብ አቧራ ነው» አለ ባለ ሱቁ።

«በባሕር ላይ አቧራ አለ?»

ባለ ሱቁ ሳቀ፤ አልተከራከረም።

ኤሊሁ በሽታውን ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። ዓይኑ ያለቅሳል፣ ይደፈርሳል፣ ደግሞ ይጠራል፤ እንዲህ ሲመላለስ ቆይቶ መጨረሻው መታወር ነው። ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ክፋቱ ደግሞ ውርንጭላው ሲወለድ ዓይኑ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው። የሚታወረው አድጎ፣ ተገርቶ፣ ባለቤቱ ተስፋውን ሁሉ ከጫነበት በኋላ ነው።

ባለ ሱቁ በወንዙ ዳር ሰፊ መስክ ነበረው። የኤሊሁ መሬት ግን ደረቅ ነው፤ በበጋ ጉድጓዱ ይነጥፍና ፈረሶቹን ውኃ ፍለጋ ሩቅ ይነዳቸዋል። ያን መስክ እንዲለቅለት ዓመት በዓመት ሲለምነው ኖሯል፤ ባለ ሱቁም ዓመት በዓመት እንቢ ሲለው ኖሯል። አሁን በፋኖሱ ብርሃን ፈረሱን እያሻሸ ስለ መስኩ ራሱ አነሣ።

«መስክርልኝ አላልሁህም» አለው። «ድንጉላው ጥሩ ነው በል አላልሁህም። ቅዳሜ ባዝራህን ይዘህ በመንገዱ ና፤ ከዚያ ወደ ቤትህ ሂድ። መስኩ ያንተ ነው።»

ኤሊሁ ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ ባዝራውን ያመጣ ነበር፣ አለቀ። እርሱ ግን ጨዋ ሰው ነውና ሰበብ ፈለገ። አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረችው። በክረምቱ መጨረሻ፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ሩቅ አገር ያለ ዘመዱን ሊጠይቅ ሄዶ እዚያ ካለ ጤናማ ድንጉላ አስጠቅቷት ተመልሷል። ያረገዘች መሆኗን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሆዷም ገና አልገፋም። ያረገዘች ባዝራ ደግሞ ድንጉላ አታስጠጋም። እንግዲህ እንዲህ ሲል አሰበ፦ ባዝራዬ አትጎዳም። ውሸት አልናገርም። ሌላውም ሰው የራሱ ዓይን አለው፤ ገብቶ ይመልከት። ሌሊቱን በሰላም ተኛ። በእውነት የሚደንቀኝ ይህ መተኛቱ ነው።

ቅዳሜ ባዝራውን ቦርሾ በከተማይቱ መንገድ መራት። አንዱ ሽማግሌ ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ ለጎኑ ሰው ራሱን ነቀነቀለት። ኤሊሁ ቀኝም ግራም አላየም፤ ወደ ጋጣው ገባ፣ በሩም ተዘጋ። ሴቶች በሚመላለሱበት ቀን በሩን መዝጋት የከተማይቱ ጨዋነት ነበር።

በውስጥ ባዝራዋ ድንጉላውን ገና ስታየው ጆሮዋን ጣለችና በሁለት እግሯ የጋጣውን ሳንቃ መታችው። ባለ ሱቁ ፈረሱን ወደ ኋላ ሳበ። ሆዷን አየ፣ ኤሊሁን አየ፣ ነገሩ ገባው።

«እንዲህ ያለች ጨዋ እመቤት አይቼ አላውቅም» አለ። «ከጨዋነቷ ለሌሎቹም ጥቂት ብታበድራቸው።»

ኤሊሁ አልሳቀም። ሁለቱም ለሥራው የሚበቃውን ጊዜ ያህል ቆሙ፤ ስለ ዝናቡ ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ በሩ ተከፈተ፤ ባዝራይቱም ወጣች።

መንገዱ ላይ ዖርፋ የምትባል ጎረቤቱ ቆማ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴቶች ልጆች ይዛ የምታርስ ሴት ናት። ያላት አንዲት ያረጀች ባዝራ ብቻ ነበረች፤ ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ ብትወልድ ነው። የሚወለደው ፈረስ ማረሻዋን ካልሳበላት መሬቷን ለቅቃ የሰው ቤት ልታጥብ ትሄዳለች። ይህን ኤሊሁ ያውቃል። በረንዳው ላይ ያሉት ወንዶች አይተው ዝም አሉ፤ እርሷ ግን ጠየቀችው።

«ኤሊሁ፣ የእኔዋን ላስገባት?»

ይህን ጊዜ ነው ነገሩ የተቆረጠው። ኤሊሁ «ተይ» ሊላት ይችል ነበር። አንድ ቃል ናት። ባለ ሱቁ በጋጣው በር ቆሞ እጁን በመሃረብ ይጠርጋል። ኤሊሁ የባዝራውን ልጓም አስተካከለና፦

«የእኔን አይተሻል አይደል?» አላት።

ውሸት አልተናገረም። አይታለች። ዖርፋ አመስግና አሮጊቷን ባዝራ ወደ ውስጥ መራቻት። ከእርሷ በኋላ በረንዳው ባዶ ሆነ።

መስኩ የኤሊሁ ሆነ። ዳማዋም እዚያው በወንዙ ዳር፣ ከሰው ዓይን ርቃ፣ በጊዜዋ ወለደች። የአገሩ ባዝራዎች በተራቸው ሲወልዱ ውርንጭሎቹ ትልልቅ፣ ደረተ ሰፊ፣ ዓይናቸው ጥርት ያለ ሆኑ። ሰው ኤሊሁን መንገድ ላይ እያስቆመ ያመሰግነው ጀመር። ድንጉላውም በሚቀጥሉት ጸደዮች ሥራ አልፈታም። ኤሊሁ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በአጥሩ የታሰሩትን ፈረሶች ዓይን አንድ በአንድ እያየ ይሄዳል። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ይላል። በዕድሜው ሙሉ ተሳስቶ አያውቅም፤ አሁን ግን ተሳስቶ መገኘትን ይመኝ ነበር።

አልተሳሳተም። ፈረሶቹ ቀንበር በለመዱበት ዓመት፣ ዝናብ በበዛበት ጸደይ፣ የዖርፋ ፈረስ ዓይኑ ያነባ ጀመር። ከዚያ ጠራ። ከዚያ ደግሞ ደፈረሰ። በበጋው መጨረሻ ከነማረሻው በሽቦ አጥር ላይ ሄደ። ከእርሱ ቀጥሎ የሌላው፣ የሌላውም። በየማሳው ሰው ከፈረሱ ፊት ፊት እየሄደ በእጁ ሲመራ ይታይ ጀመር። ባለ ሱቁ በዚያን ጊዜ ድንጉላውን ለሩቅ አገር ሰው ሸጦ፣ ከሱቁ አጠገብ ትራክተር የሚሸጥበት ቤት ከፍቷል። ለዕውር ፈረስ ባለቤቶች ትራክተሩን ሲያሳይ በጣም ትሑት ነበር ይባላል።

በዚህ ሁሉ መካከል ከዳማዋ የተወለደው የኤሊሁ ወጣት ፈረስ ደህና ያያል።

ዖርፋ አንድ ቀን ወደ ወንዙ ዳር መጣች። ኤሊሁን ሰላም ብላ ወደ ፈረሱ ሄደችና እጇን በዓይኑ ፊት አሳለፈች። ፈረሱ ሸሸ። በሌላውም በኩል አሳለፈች። ብዙ ቆማ አየችው። የገበሬ ልጅ ናት፤ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም።

«ያን ቀን አርግዛ ነበረች» አለች።

ኤሊሁ «የነገርሁሽ ነገር የለም» አላት። ይህን መልስ ለዓመታት አዘጋጅቶት ነበር።

«የለም» አለች ዖርፋ። «ብትናገር ኖሮ ልጠረጥር እችል ነበር።»

ኤሊሁ ወጣቱን ፈረስ ስጦታ አድርጎ ሊሰጣት ልጓሙን ዘረጋላት። አልተቀበለችም። ትታው ሄደች። በዚያው ዓመት መሬቷን ለቀቀች። ነገሩ ግን በአገሩ ተሰማ።

ኤሊሁ የሚመጣበትን ጠበቀ። በረንዳው ላይ ቦታ እንደማይሰጡት፣ በቤተ ክርስቲያን ከጎኑ ሰው እንደማይቀመጥ፣ ምናልባትም ሌሊት ድንጋይ እንደሚወረወርበት አሰበ። እንዲያውም ፈለገው። አንድ ምሽት ሦስት ጎረቤቶቹ በሩን አንኳኩ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ ስለ ጤናው ጠየቁት፤ ሚስቱ ያቀረበችውን ኬክ በሉ። ከመካከላቸው አንደኛው ነገሩን ጀመረ።

ከባሕር ማዶ ጦርነት ነበረና ገዢዎች በባቡር እየመጡ ለሠራዊቱ ፈረስ ይገዙ ነበር። ከግራጫው የተወለዱ፣ በኋለኞቹ ጸደዮች የመጡ፣ ዓይናቸው ገና ያልተነካ ብዙ ወጣት ፈረሶች በአገሩ አሉ። ሳይታወሩ መሸጥ አለባቸው። ገዢዎቹ ግን ጠርጣሮች ናቸው፤ የኤሊሁን ስም ደግሞ ከዚህ ጣቢያ እስከ ሩቅ ከተማ የማያውቅ ነጋዴ የለም።

«እንዲናገሩ አንፈልግም» አለ ሰውየው። «እርስዎ ጨዋ ሰው ነዎት። ፈረሶቹ ሲጫኑ ከአጠገባቸው ይቁሙልን እንጂ።»

ኤሊሁ ሦስቱንም ተራ በተራ አየ። የተቆጣ ፊት አላገኘም። እንቢ ይል ዘንድ የሚቆምበት መሬት ፈለገ፤ ያንንም አላገኘም። በማግስቱ ሄዶ ጣቢያው ላይ ቆመ። ገዢው ከባቡሩ ሲወርድ ኤሊሁን አይቶ ባርኔጣውን አነሣለት፤ ከዚያ ፈረሶቹን ሳይመረምር አሳፈረ። ዓይናቸው የት እንደሚጠፋ፣ ያን ጊዜም በላያቸው ማን ተቀምጦ እንደሚሆን ኤሊሁ ያውቃል። ዝም አለ። በሌላውም ወር መጡበት፤ በሌላውም። አገሩ እስኪሞት ድረስ አከበረው። ሲሞትም በመቃብሩ ላይ ሐቀኛ ብለው ጻፉበት፤ ጽሑፉን ያጸደቁት እነዚያው ሦስቱ ነበሩ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ የወንድሜ ልጅ። የከተማህን ሰው ግማሹን ፊደል ያስቆጠርኸው አንተ ነህ። በዚያ አዳራሽ የሚቀመጠው ሰው የሻጮቹን ንግግር አይሰማም፤ የሚያየው የአንተን ጀርባ ነው። ቦታው እንደሌለ ትጠረጥራለህ፤ ባትጠረጥር ኖሮ እኔን ባልጠየቅኸኝ ነበር። ገንዘብህን እንደማታስገባም ጽፈህልኛል፤ ይህን ስትጽፍ እንደ መልካም ነገር ቆጥረኸው ነበር። እኔ ሳነበው ግን ያችን ባዝራ አየሁ።

የምትፈራው ነገር ሲወጣ ሰው እንዳይጠላህ ነው። በዚህ በኩል አታስብ። አይጠሉህም። የተታለሉት ድርሻቸውን ለሌላ ሰው መሸጥ ይፈልጋሉ፤ ያን ጊዜ ቤትህ ይመጣሉ፣ ጤናህን ይጠይቃሉ፣ ሌላ ወንበር ያዘጋጁልሃል። እንቢ ለማለት የምትችልበት ቀን ከስብሰባው በፊት ያለው ቀን ብቻ ነው። እርሱም ዛሬ ነው።