ያልሸተተ ጭቃ

አንድ ሰው ነበረ፤ አንዳርጌ ይባላል። የሌላው ስም ይቅር፣ የእሱ ግን ይጠራ። ልጄ፣ «ቤት የሚነድፍ ሰው ሐሳቡን ከየት ያመጣዋል? ያመጣበትን ቢደብቅስ ምን ይጎድልበታል?» ብለሽ ጠይቀሻልና ስሚ።

ይህ ሰው ከትልቅ ትምህርት ቤት የወጣ ቤት ነዳፊ ነበር። እርሳሱ ስለት ነበረው፤ እጁ ግን ጭቃ አያውቅም። ስለዚህ አንዲት ቤት መራጊ ዘንድ ሄዶ ሁለት በጋ ደጇ ላይ ዋለ። ሴትየዋ ከ«ሀ» እስከ «መ» ቆጥራ ፊደሉን የተወች ናት፤ ምላሷ ግን እንደ ሬት ይመራል። ያገሩ ግድግዳ ግማሹ የእጇ ሥራ ነው።

«ወረቀትህን ጠቅልልና መጀመሪያ ቦታው ላይ ቁጭ በል» ትለው ነበር። «ፀሐይ በየት ትገባለች? ዝናብ ከየት ይመታል? ይህን ሳታውቅ ችካል ብትመታ የጎረቤት መሳቂያ ነህ።»

ጭቃውንም አሳየችው። ጭድ ተነስንሶበት፣ በእግር ተረግጦ፣ ሦስት ሳምንት ጉድጓድ ውስጥ ይቆያል። መንገደኛ አፍንጫውን ይዞ እስኪያልፍ ይሸታል። «ያልሸተተ ጭቃ አልቦካም፤ ያልቦካ ጭቃ ግድግዳ ላይ አያድርም» አለችው። እሱም በደብተሩ ጻፈ።

ዓመታት አለፉ፤ አንዳርጌ ስሙ ገነነ። ጧሪ ለሌላቸው ሽማግሌዎች ቤት እንዲሠራ ታዘዘና የጭቃ ቤት ነደፈ። ለምርጊቱ ሴትየዋን አስጠራት፤ በዚያ እርጅናዋ ሄደች። የምሥራቁን መረገች፤ የሰሜኑንም የደቡቡንም መረገች። ዝናብ የሚመታው የምዕራቡ ግድግዳ ሲቀር የምረቃው ቀን ደረሰ። የዚህ ግድግዳ ጭቃ ጉድጓድ ከገባ ገና ሳምንቱ ነው፤ መሽተት ጀምሯል።

«እማማ፣ እንግዶች ይመጣሉ። ይህ ግማት ይነሳልኝ» አላት።

«እንግዶችህ አፍንጫ ብቻ ናቸው? ሁለት ሳምንት ታገሥ።»

«ቀኑ ተቆርጧል!»

«እንግዲያው ግድግዳህም ተቆርጧል» ብላው ሄደች።

እሱ ጉድጓዱን አስጠርጎ ጭቃውን ገደል አስደፋው። በሠራተኞቹ እጅ ያን ዕለት የተረገጠ፣ ጭድ የሌለበት ጥሬ ጭቃ አስለጠፈና ላዩን በነጭ አፈር አስቀባ። አላማረም አይባልም፤ አማረ።

በምረቃው ላይ አንድ እንግዳ «ይህን ጥበብ ከማን ተማርክ?» ሲል ጠየቀው። ሴትየዋም ለምረቃው መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና አለች።

«ከማንም። ከራሴ ጭንቅላት ነው» አለ።

ተጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች፤ እጇን ሌላ ምን ታድርገው?

ክረምት ገባ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዶፍ ሲወርድ ዋለና የምዕራቡ ግድግዳ ተገምሶ የአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አልጋ ላይ ወረደ። ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን አረፉ። «ያን ቤት ያገኘሁት እግዜር አስቦኝ ነው» ይሉ ነበር።

ከቀብር መልስ ያገሩ ሰዎች ተቀምጠው አንዳርጌን ጠየቁት። ሴትየዋ ያኔ ትዝ አለችው። «መራጊዋ እሷ ናት፤ ያስተማረችኝም እሷው ናት» አለ። ስሟን እስከ አያቷ ድረስ ጠራው። ለጭብጨባው ማንም አልነበረም፤ ለሬሳው አስተማሪ ተገኘ። ሠራተኞቹም የእንጀራ ነገር ሆኖባቸው መሬት መሬት አዩ።

ሴትየዋን አስጠርተው «ምን ትያለሽ፣ አንቺ ሴት?» አሏት።

«እኔ የመረግሁት ይሸት ነበር» አለች። መለማመጥ አታውቅበትም። ሃምሳ ዓመት ቤት ያቆመ እጅ በአንድ ከሰዓት የገዳይ እጅ ተባለ። ወጥታ ስትሄድ ደህና ግቢ ያላት የለም።

እንግዲህ ልጄ፣ ከሰው የወሰድሽው ነገር እንደዚያ ጭድ ነው። ከአያትሽ ጎጆ ያየሽው፣ ከጎረቤት እጅ የቀዳሽው፣ ከአስተማሪሽ ስድብ እንኳ ሳይቀር የተረፈሽ፣ ሁሉም ውስጥሽ ገብቶ ይበሰብሳል። የሌላ ሰው ጠረን አለውና ሰው ፊት ያሳፍራል። አፈርሽን አያይዞ የሚያቆመው ግን እሱ ነው። በጠረኑ ያፈረ ባዶ አፈር ለጥፎ ነጭ ይቀባል፤ ሌላው ይሞትበታል። የአስተማሪም ስም የሚጠራው ግድግዳው ቆሞ ሳለ ነው፤ ከወደቀ በኋላ ከጠሩት ክስ ነው።

ሴትየዋስ ምን አደረገች ብትዪ፣ በማግስቱ ዝናቡ እያካፋ አካፋዋን ተሸክማ ወደዚያ ቤት ሄደች። እንግዶች በሚገቡበት በር ፊት ለፊት ለወደቀው ግድግዳ የጭቃ ማቡኪያ ጉድጓድ ቆፈረች፤ ጭድ ነሰነሰች። አንዳርጌ ወጥቶ «እማማ፣ እዚህ በር ላይ?» ቢላት፣ «እዚህ። ይሽተት» አለችውና ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ገባች።