የእሌኒ የሠርግ ፎቶና ጠቋሚዎቹ

ተረት ተረት ብያለሁ፤ «የመሠረት» የሚል ከጠፋ ራሴው እላለሁ። አቶ ደርብ ከጭሮ አዋሽ ድረስ መጥተው ልጃቸውን እሌኒን ዳሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩሰው እግራቸውን ታመው ቀርተዋል። «ፎቶዋን ሳትይዝ ከመጣህ በሩን አልከፍትልህም» ብለዋቸዋል፤ ደግሞ ያደርጉታል።

ወደ ጭሮ የሚመልሳቸው አውቶቡስ ሊወጣ ሲል አቶ ደርብ ሠርጉን ያነሳው ፎቶ ቤት ገቡ። ሠራተኛዋ ሰናይት «ሙሽራ» የሚለውን ፋይል ፍላሽ ላይ ገልብጣ ሰጠቻቸው። መርቀዋት ሊወጡ ሲሉ ሰናይት የፋይሎቹን ዝርዝር በኮምፒውተሩ ጥቁር ስክሪን ብታይ፣ ከሙሽራ ቀጥሎ ቀስት፣ ከቀስቱ ቀጥሎ የሌላ ፋይል ስም! የፋይሉ መጠንም የአንድ ቃል ያህል ብቻ።

«ይቆዩ አባባ! ይሄ ፎቶ አይደለም፤ ፎቶው ያለበትን የሚጠቁም ነው።»

«እንዴ! ቀስት ተሸክሜ ልሄድ ነበር? አደን ወጣሁ እንዴ?»

የፎቶ ቤቱ ልማድ ነው። የቤቱ ጌታ ፎቶ ባዛወረ ቁጥር በድሮው ቦታ ጠቋሚ ይተዋል። ሰናይት «ሙሽራ» የተባለውን ፋይል ጠየቀች። «እኔ ዘንድ የለም፤ አልበም የሚባለውን ፋይል ጠይቂ» አላት።

አልበምን ጠየቀች። «እኔም ዘንድ የለም፤ ጓዳን ጠይቂ።» ሙሽራ ወደ አልበም፣ አልበም ወደ ጓዳ።

ጓዳን ጠየቀች። ጓዳ በዝርዝሩ ላይ ቀልቶ ነበር፤ የሚጠቁመው ነገር ጠፍቷል ማለት ነው። «የምጠቁመው ፎቶው ወደተቀመጠበት ዲስክ ነው፤ ዲስኩ ግን ተነቅሏል።» ሙሽራ ወደ አልበም፣ አልበም ወደ ጓዳ፣ ጓዳ ወደ ዲስክ።

«እነዚህን አታላዮች አጥፊያቸው!» አሉ አቶ ደርብ።

«እነሱ ከጠፉማ መንገዱን ማን ይነግረናል፣ አባባ?»

ዲስኩ መስኮቱ ላይ ተጋድሟል። «ምን ላድርግ፣ ማራገቢያው መሰኪያዬን ያዘው!» ሙሽራ ወደ አልበም፣ አልበም ወደ ጓዳ፣ ጓዳ ወደ ዲስክ፣ ዲስክ ወደ ማራገቢያ።

ማራገቢያው ግን እየተሽከረከረ፣ «ሽማግሌው አልቧቸዋል፤ እሳቸው ካላሉ አልነሳም» አለ። ሙሽራ ወደ አልበም፣ አልበም ወደ ጓዳ፣ ጓዳ ወደ ዲስክ፣ ዲስክ ወደ ማራገቢያ፣ ማራገቢያ ወደ አቶ ደርብ!

«ለካ እኔው ነኝ! ንቀይው ልጄ፣ ላቤ ይውረድ!»

ማራገቢያው መሰኪያውን ለዲስኩ ለቀቀ፣ ዲስኩ ለጓዳ ሰጠ፣ ጓዳ ለአልበም፣ አልበም ለሙሽራ፤ እሌኒም እየሳቀች ስክሪኑን ሞላችው። ሰናይት አሁን ፎቶውን ራሱን ገለበጠች፤ መጠኑንም ሁለቴ አየች። አቶ ደርብ ደስታቸውን መቻል አቅቷቸው፣ ላባቸው እየወረደ ወደ አውቶቡሱ ሮጡ።

ማታውን ጭሮ ላይ፣ ፍላሹ ጎረቤት ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ እሌኒ ስትታይ፣ ወይዘሮ ጥሩሰው የታመመ እግራቸውን ረስተው ብድግ አሉና እልልታውን አቀለጡት። ለተረቴ ዳቦ ያሰበ ካለ፣ እሳቸው ቤት ያድርስልኝ።