የራሱን ጭስ የሚውጠው ቦቴ

ጆሮ ያለው ሁሉ ቀረብ ይበል፤ ይህ የእምቢታ ወሬ ነው።

ሹፌር ዘርይሁን የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውሃ የጫነ ቦቴውን ወርካ ዳገት ላይ ወዳለው ጤና ጣቢያ ማውጣት። የጤና ጣቢያው ጉድጓድ ደርቋል። ሚስቱ ብርዛፍ የመውለጃዋ ቀን ደርሶ እዚያ ተኝታለች። «አዋላጆቹ እጅ የሚታጠቡበት ውሃ የላቸውም፤ ኧረ ቶሎ በል!» ብላ ደውላለታለች። ቦቴው ግን ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ጥቁር ጭስ ተፋና «አልወጣም» አለ።

ዘርይሁን ቁልቁል መልሶ መሥሪያ ቤቱ ግቢ አስገባው። «ሞተር፣ ጎትት እንጂ! ቦቴው አይወጣም።»

«አልጎትትም» አለ ሞተሩ። «አየር አጥሮኛል። ቫልቩ የራሴን ጭስ መልሶ ያጎርሰኛል።»

«ቫልቭ፣ ተዘጋ! ሞተሩ አይጎትትም፣ ቦቴው አይወጣም።»

«አልዘጋም። ሥራዬ ሜዳ ላይ ጥቂት ጭስ ወደ ሞተሩ መመለስ ነው፤ እሳቱ በረድ ብሎ መርዙ እንዲቀንስ። ዳገት ላይ መዘጋት ነበረብኝ። ግን ጥላሸት አፌ ላይ ተጋግሯል!»

«ጥላሸት፣ ልቀቅ! ቫልቩ አይዘጋም፣ ሞተሩ አይጎትትም፣ ቦቴው አይወጣም።»

«አልለቅም። ስንት ዓመት ማንም ሳይጠርገኝ ኖሬ? ርስቴ ነው!»

ወደ መካኒኩ ሮጠ። «ጋሽ ሽብሩ፣ ጥረግልኝ! ጥላሸቱ አይለቅም፣ ቫልቩ አይዘጋም፣ ሞተሩ አይጎትትም፣ ቦቴው አይወጣም።»

«አልጠርግም፣ ልጄ። ቫልቩን ስፈታው መጋጠሚያውን የሚያሽገው አሮጌ ጋስኬት ይበጣጠሳል። አዲስ ካልሰጡኝ በምን ልግጠመው፣ በምራቄ?»

ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ሮጠ። «ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ጋስኬት ይስጡኝ! ጋሽ ሽብሩ አይጠርግም፣ ጥላሸቱ አይለቅም፣ ቫልቩ አይዘጋም፣ ሞተሩ አይጎትትም፣ ቦቴው አይወጣም።»

«አልሰጥም። ያለ አቶ ተካልኝ ፊርማ መርፌ አላወጣም። በአንተ ጦስ እኔ ልባረር?»

አቶ ተካልኝ የስምሪት ኃላፊ ናቸው። ስለ መኪና የሚያውቁት የበሩን እጀታ ብቻ ነው፤ ወንበሩን ግን አግኝተውታል። ዘርይሁን ወደ ቢሯቸው ሮጠ።

«ይፈርሙልኝ! ወይዘሮ እልፍነሽ አይሰጡም፣ ጋሽ ሽብሩ አይጠርግም፣ ጥላሸቱ አይለቅም፣ ቫልቩ አይዘጋም፣ ሞተሩ አይጎትትም፣ ቦቴው አይወጣም፤ ሚስቴ ልትወልድ ነው!»

«አልፈርምም። ሞተሩ ይነሳል አይደል? እዚህ ቤት የሚነሳ መኪና አይጠገንም። ሞቶ ሲጎተት አምጣው።»

«ሚስቴንስ? ሞታ ስትጎተት ላምጣት?»

«በሩን ዘግተህ ውጣ።»

ዘርይሁን ደሙ ፈላ። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶት ወጣ። ቦቴውን አዞረ፤ የጭስ ማውጫውን ከኃላፊው መስኮት ሥር አስጠጋና ነዳጁን ረገጠ። ቢሮው ጨለመ።

«አጥፋው! ልትገድለኝ ነው?» አቶ ተካልኝ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለው ጮኹ።

«አላጠፋም! ሞተሩ ይህን ሲውጥ ከርሟል። እርስዎም ይቅመሱት!»

ያኔ አቶ ተካልኝ እየሳሉ ፈረሙ። ወይዘሮ እልፍነሽ ሰጡ፣ ጋሽ ሽብሩ ጠረገ፣ ጥላሸቱ ለቀቀ፣ ቫልቩ ተዘጋ፣ ሞተሩ ጎተተ፣ ቦቴው ወጣ። አዋላጇ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፤ ብርዛፍም ሴት ልጅ ታቀፈች።

«ምነው እንዲህ ቆየህ?» አለችው።

ዘርይሁን ሁሉንም ሊዘረዝርላት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ አሳጠረው።

«አንዲት ፊርማ» አላት።